ክር፦ የዱር እንስሳት ሕገወጥ ንግድን ለሚመረምር ጋዜጠኛ ገንዘብና አማካሪ ይሰጣሉ አሉ፤ የሞከረ አለ?

የአራዳ ብዕር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ናችሁ የቤቱ ሰዎች። በሕገወጥ የዱር እንስሳት ንግድ ላይ የምርመራ ዘገባ ለሚሠሩ ጋዜጠኞች ገንዘብም አማካሪም የሚሰጥ ጥሪ አየሁ። ፕሮፖዛል፣ በጀት፣ የቀድሞ ሥራ ናሙና፣ ከዚያ ደግሞ «ሥራውን አትማለሁ» የሚል የኤዲተር ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ማመልከቻው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል።

እኔ ፍሪላንሰር ነኝ። ውሎዬ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እስካሁን የሠራሁት በብዛት የከተማ ጉዳይ ነው፤ ቤት ኪራይ፣ ታክሲ፣ ኮሪደር ልማት። የዱር እንስሳ ያየሁት ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ግን አዲስ አበባ የዚህ ንግድ መተላለፊያ እንደሆነች ደጋግሜ አነባለሁ። «ቦሌ ላይ ተያዘ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ይቆማል። ማን ላከው? ምን ተፈረደ? የተያዘው ዕቃስ የት ገባ?

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ገንዘቡ ያሠራል ወይ? አማካሪ የሚሉት ነገር የእውነት ነው ወይስ ለፎርም ያህል? ለጊዜው ያሰብኩት ርዕስ «የዱር እንስሳት ሕገወጥ ንግድ በኢትዮጵያ» የሚል ነው። ሳትራሩ ተቹኝ።

ሸገር ካሜራ | 2፡24

ሳንራራ እንግዲህ፦ ርዕሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይመስላል። አንባቢው ሁለተኛው ገጽ ላይ ያንቀላፋል 😄

ጋሼ አርትዖት | 3፡02

ልጄ፣ ሸገር ካሜራ ቀለደ እንጂ አልዋሸም። ያንቺ ገና ጉዳይ ነው፤ ዘገባ የሚወጣው አንድ ዕቃ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ተጠያቂ ሲገኝ ነው።

ዴስክ ላይ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። «ይህን ያህል ኪሎ የዝሆን ጥርስ በአውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ» የሚለው ዜና ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ኪሎው አለ፣ የተጠርጣሪው ዜግነት አለ፣ ለፖሊስ የቀረበ ምስጋና አለ። ሻንጣውን የሞላው ሰው ግን የለም። ቲኬቱን የቆረጠለትም የለም። በትራንዚት የሚያልፍ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ተሸካሚ ነው፤ የዕቃው ባለቤት ሌላ ቦታ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል።

ለመነሻ ያህል ከአራት ኪሎ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉትን የቱሪስት ዕቃ ሱቆች ታውቂያቸዋለሽ። በአንድ ወቅት የዝሆን ጥርስ አምባርና ሐብል በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ይሸጥባቸው ነበር። በኋላ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ዕቃው ከመስታወቱ ወጣ። ከከተማው መውጣቱን ግን የመረመረ ብዙ ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ተቃጥሏል። በየጊዜው ተይዞ የተከማቸ ነበር። ካሜራው ሁሉ እሳቱን አነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተያዘውስ? ተመዝኗል? ተመዝግቧል? የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ይህን ስትጠይቂ በአንድ ጊዜ ሦስት በር ታንኳኪያለሽ፤ ጉምሩክ፣ ፖሊስና የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን። ሦስቱ የሚሰጡሽ ቁጥር የማይገጥም ከሆነ ዘገባሽ እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የሚገጥም ከሆነም ጥሩ ነው፤ እሱም ዜና ነው።

ፒያሳ ቀረች | 3፡31

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ልበጥብጥ። በዚህ ኑሮ ስለ ዝሆን ጥርስ መርምሩ የሚለው ማነው? ፈረንጅ። ሽንኩርት ስንት ገባ? ስለ ሽንኩርት ግራንት የሚሰጥ አለ? ገንዘቡ የሚመጣው እነሱን የሚያሳዝናቸው እንስሳ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ዶላር ሲሸተን ያላሰብነው ጉዳይ ያሳስበናል። ዘገባው መጨረሻ ላይ አንድ ድሃ አርብቶ አደር በካቴና ታስሮ የሚታይበት ፎቶ ይሆናል።

የአራዳ ብዕር | 3፡40

@ፒያሳ ቀረች ስለ ፎቶው ያልከው ገብቶኛል። ስለ ሽንኩርቱ ግን እኔ ጽፌያለሁ፤ አንተ አላነበብክም 🙂

ሁለተኛው ክፍያ | 4፡15

እኔ እንዲህ ዓይነት ግራንት ወስጄ ሠርቻለሁ። በዱር እንስሳት ሳይሆን በደን ላይ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ለአንድ ዘገባ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር ጀምሮ ጥቂት ሺህ ቢሆን ነው። ከሩቅ ሲያዩት ብዙ ይመስላል። መኪና ተከራይተሽ ከአዲስ አበባ ስትወጪ ነው ልኩ የሚገባሽ። የሚከፈለው ደግሞ ተከፋፍሎ ነው። ውሉ ሲፈረም ግማሹ፣ ሥራው ሲታተም ቀሪው። ስሜን ከዚያ ነው ያገኘሁት። የእኔው ድርጅት ሁለተኛውን ክፍያ እስኪልክ ድረስ የመኪናውን ኪራይ ከጓደኛ ተበድሬ ነው የዘጋሁት። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ባንኩም በበኩሉ ዶላሩ ለምን እንደመጣ የሚያሳይ ውል ይጠይቃል፤ የተፈረመውን ቅጂ ይዘሽ ሂጂ።

በጀት ስትሠሪ በብር አስበሽ በዶላር ጻፊ፣ መጠባበቂያም ጨምሪ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ያንኑ ዶላር ስትመነዝሪ ብሩ ይጨምራል፤ ነዳጁና አልጋው ግን አብረው ይጨምራሉ። አተርፋለሁ ብለሽ አታስቢ።

ቀጥሎ አማካሪው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አማካሪ ማለት ስብሰባ ላይ አበረታች ንግግር የሚያደርግ ሰው አይደለም። የእኔዋ የሌላ አፍሪካ ሀገር ጋዜጠኛ ነበረች። በየሁለት ሳምንቱ በስልክ እንገናኛለን። የመጀመሪያው ጥያቄዋ ሁሌም «ይህን በምን ታውቂያለሽ?» ነው። ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ማስረጃውን ከጎኑ የምጽፍበት ሰንጠረዥ አሠራችኝ። የምንከሳቸው ሰዎች ከመታተሙ በፊት በጽሑፍ ጥያቄ እንዲደርሳቸው አስገደደችኝ፤ መልስ የሚሰጡበት በቂ ጊዜም ጭምር። ሊገጥመኝ የሚችለውን አደጋ ዘርዝሬ እንድጽፍ ጠየቀችኝ። የት ነው የምታድሪው? ስልክሽ ቢያዝ ማን ይጋለጣል? ካልደወልሽ ማን ያውቃል? በቀጥታ ልንገርሽ፣ ከገንዘቡ ይልቅ የጠቀመኝ ይሄ ነው። እዚህ ሀገር ኤዲተሬ በቀን ብዙ ዜና የሚያሳልፍ ምስኪን ሰው ነው። እንዲህ የሚጨቀጭቀኝ ጊዜ ከየት ያመጣል?

አሁን ግን ችግሩ። እሷ አማርኛ አታነብም። ዘገባዬ የታተመው በአማርኛ ነው። እሷ ያየችው እኔ የጻፍኩላትን የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ነው። ማጠቃለያው ላይ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር። አማርኛው ላይ ግን «ተባለ»፣ «ይነገራል»፣ «እንደሚታወቀው» እየተባለ ስንት ያልተረጋገጠ ነገር ይሾልካል! ያንን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ምክሬ፦ በጀትሽ ላይ አማርኛውን ቃል በቃል አንብቦ የሚጨቀጭቅሽ የሀገር ውስጥ ኤዲተር አስገቢ። በክፍያ። በውለታ አይደለም። ብዙዎቹ ሰጪዎች ምክንያቱን ካስረዳሻቸው እሺ ይላሉ።

ሸገር ካሜራ | 4፡22

«እንደሚታወቀው» ብሎ የጀመረ ሰው ምንም እንደማያውቅ ይታወቃል።

ልደታ ዋልኩ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡50

የፍርድ ቤት ዘጋቢ ነኝ። ጋሼ አርትዖት የነገሩሽን መንገድ ካዝሽ መጀመሪያ የምትመጪው እኛ ሠፈር ነው።

አንድ ሰው ዝሆን ጥርስ ይዞ ቢያዝና ቢከሰስ መዝገብ ይከፈታል። መዝገቡ ውስጥ የዐቃቤ ሕግ ክስ አለ። የማስረጃ ዝርዝር አለ። ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ አለ፤ ስንት ኪሎ፣ በስንት ሻንጣ፣ በማን ፊት እንደተመዘነ። የተከሳሹ ቃል አለ። አንዳንዴ እዚያ ቃል ውስጥ የላከው ሰው ስም ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ፤ ማንም ያልተከታተለው። ከዚያ ፍርዱ አለ፤ ዕቃው ለማን ገቢ ይሁን እንደተባለ ጭምር። ያን የፍርድ ሰነድ ይዘሽ ባለሥልጣኑ ጋ ሄደሽ «ይህ ዕቃ ደርሷችኋል?» ብትዪ ጥያቄሽን በወሬ ሊመልሱት አይችሉም።

ከባዱ ነገር የመዝገብ ቁጥሩን ማግኘት ነው። በተከሳሹ ስምና በተያዘበት ጊዜ ጀምሪ። ሬጅስትራር ጋ ትሕትናም ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ ይላል። ግን ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ አጣዳፊ ጉዳይ ብቻ ነው የሚታየው። የግራንቱ ጊዜ ሰሌዳሽ ነሐሴ ላይ መዝገብ እመረምራለሁ የሚል ከሆነ ካሁኑ አስተካክዪው። አማካሪሽ ውጭ ሀገር ከሆነ ይህን አያውቅልሽም።

የአራዳ ብዕር | 2፡15

እግዜር ይስጥልኝ! ባለሥልጣኑ አልሰጥም ቢለኝስ?

ልደታ ዋልኩ | 2፡31

በጽሑፍ ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ደብዳቤሽን መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቅጂው ላይ ቁጥርና ቀን አስመቺ። ካልመለሱ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ አቤት ይባላል። ይሠራል ወይ ብትዪኝ፣ አንዳንዴ። ግን ያልተመለሰ ደብዳቤም ዘገባው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ግራንቱን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ አስገቢ። ጥያቄሽ ጠባብ ይሁን፦ ከመጋቢት 2007 ወዲህ ገቢ የሆነ የዝሆን ጥርስ፣ በዓመት፣ በኪሎ፣ ከየትኛው ኬላ። «ያላችሁን መረጃ ሁሉ» ካልሽ የምታገኚው ብሮሸር ነው።

የካራማራ ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

እኔ ከጅግጅጋ ነኝ፤ አሁን ካዛንቺስ ነው የምሠራው። ለጋዜጠኞች ተርጓሚም፣ ሾፌርም፣ መንገድ ጠቋሚም ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለ ዝሆን ጥርስ አውርታችሁ ጨረሳችሁ፤ ስለ አቦሸማኔ ማንም አላነሳም።

በእኛ በኩል የሚሄደው ግልገል ነው። በሕይወት። ከምሥራቁ ቆላ ተይዞ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል፣ ከዚያ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ይገባል። እዚያ የሀብታም ቤት ጌጥ ነው፤ መኪና ውስጥ አስቀምጠው ፎቶ ይነሱበታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰብ እንዲህ ያለ አውሬ እንዳይዝ ከልክላለች። ፍላጎቱ ግን በአንድ ሕግ አይጠፋም። በዓለም ላይ በዱር የቀረው አቦሸማኔ 7,000 ገደማ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ በዓመት 300 የሚሆን ግልገል በዚህ መንገድ እንደሚወጣ ቺታ ኮንሰርቬሽን ፈንድ የሚባለው የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ይገምታል። ብዙው መንገድ ላይ ይሞታል፤ ግልገሉ ወተት ይፈልጋል፣ ያዡ ደግሞ ምን እንደሚያበላው አያውቅም።

አርብቶ አደሩ ምን ያገኛል? ትንሽ። ብዙውን ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው ፍየል ከተበላበት በኋላ ነው። እናቲቱን ያባርራል ወይም ይገድላል፤ ግልገሎቹን ደላላ መጥቶ ይወስዳቸዋል። @ፒያሳ ቀረች ያልከው ፎቶ ልክ እዚህ ጋ ነው የሚነሳው። ደላላውን ማንም አያነሳውም፤ ገዢውንማ ጨርሶ።

አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። ጋዜጠኛው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይቀርጻል፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ይመለሳል። ስሙ ዘገባው ላይ ይወጣል። አማካሪ አለው፣ ኤዲተር አለው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጮህለት ድርጅት አለው። እኔ ግን እዚያው ሀገሬ ነኝ። ዘመዶቼ እዚያ ናቸው። «ያንን ጋዜጠኛ ያመጣው እገሌ ነው» ይባላል። በስንቱ በጀት ላይ «መኪና፣ አልጋ፣ አበል፣ ልዩ ልዩ» የሚል አያለሁ መሰላችሁ፤ ተርጓሚው ልዩ ልዩ ውስጥ ነው። የአደጋ ፎርም ሲሞሉ ስለ ራሳቸው ይሞላሉ። አማካሪ ለሚሰጡት ድርጅቶች የምለው፦ ያ ምክር ለእኛም ይድረሰን። ከጉዞው በፊት በሚደረገው የስልክ ስብሰባ ላይ ተርጓሚው ይግባ። ስሙ ይውጣ አይውጣ እሱ ይወስን። ከታተመ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከአካባቢው ዞር ማለት ካስፈለገው ወጪው በጀት ውስጥ ይኑር።

ሁለተኛው ክፍያ | 7፡48

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ኮፒ አድርጌ አስቀምጫለሁ። ቀጣዩ ማመልከቻዬ ላይ ይገባል። ግራንት ሰጪዎቹም ይህን ቢሰሙት ጥሩ ነው።

ፒያሳ ቀረች | 8፡05

@የካራማራ ልጅ እውነትህን ነው። እኔ ፈረንጅ ስል አንተ እኛኑ አመጣህልኝ።

ግን አንድ ነገር። ገዢ መስሎ ገብቶ በድብቅ መቅረጽስ? አለበለዚያ ደላላውን እንዴት ታገኘዋለህ?

የካራማራ ልጅ | 8፡20

በፍጹም። «ሁለት ግልገል እፈልጋለሁ» ያልክ ቀን አንድ ሰው ጫካ ይገባል። አንተ ለካሜራ ነው ያዘዝከው፤ እሱ ግን የእውነት ይይዛል።

ጋሼ አርትዖት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

በዚህ ላይ ትንሽ ልጨምር። ኤዝመንድ ብራድሊ ማርቲን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር፤ ኑሮው ናይሮቢ። በየሀገሩ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ፣ ገዢ እየመሰለ፣ የዝሆን ጥርሱን እየቆጠረ ዋጋውን ይመዘግብ ነበር። በዚህ ዓይነት ሥራ የእስያን ገበያዎች ለዓለም አጋልጧል። ስለዚህ ገዢ መምሰል ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለን ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ሌላ፣ ገና ከእናቱ ያልተለየን ግልገል ማዘዝ ሌላ። ከሱቁም ቢሆን ገዝተሽ ብትወጪ ዕቃው እጅሽ ላይ ነው፤ «ጋዜጠኛ ነኝ» የሚለው መልስ አያድንሽም።

ደግሞ ዋጋ ስትጽፊ ተጠንቀቂ። «አንዱ ግልገል ይህን ያህል ሺህ ዶላር ያወጣል» የሚል ርዕስ ለአንዳንድ አንባቢ የሥራ ማስታወቂያ ነው። የቦታ ስምም እንደዚሁ። ፎቶው ላይ ተራራው ከታየ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ቡና ጠጡ | 1፡44

ስለ ጥርኝስ? ዝባድ ከኢትዮጵያ ለሽቶ ይወጣል አይደል? ጥርኞቹን ጠባብ ሳጥን ውስጥ ዘግተው። ለምን እሱን አትሠሪም?

ልደታ ዋልኩ | 1፡52

ዝባድ ሕጋዊ ንግድ ነው። አያያዙ ሊያነጋግር ይችላል፤ ግን ለዚህ ጥሪ አይሆንም።

የአራዳ ብዕር | 2፡05

ማታ ማታ እያነበብኩ ነው። ሳይቲስ የሚባለውን፣ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረውን ስምምነት ገባሁበት። እ.ኤ.አ. በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለ፤ ኢትዮጵያ በ1989 የገባችበት። አባል ሀገሮች በፈቃድ ያስወጡትንና ያስገቡትን በየዓመቱ ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ዳታቤዙም ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። ላኪው ሀገር የጻፈውና ተቀባዩ የጻፈው ጎን ለጎን ይታያል። የማይገጥሙ መስመሮች ሞልተዋል። ይሄ ሁሉ ነጻ መሆኑ ገረመኝ!

አንድ ጥያቄ፦ ከዚህ ጥሪ ሌላ የት የት ይሞከራል?

ሁለተኛው ክፍያ | 2፡40

የማይገጥም መስመር ሁሉ ወንጀል አይደለም ግን። አንዱ ፈቃዱን በሰጠበት ዓመት ይመዘግባል፣ ሌላው ዕቃው በደረሰበት። አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በፍሬ። እንደ ጥቆማ ያዢው እንጂ እንደ ማስረጃ አትያዢው።

ስለ ሌሎቹ፦ ኢንተርኒውስ የሚባለው የሚዲያ ድጋፍ ድርጅት ኧርዝ ጆርናሊዝም ኔትወርክ በአካባቢ ጉዳይ ላይ የዘገባ ግራንት ሲሰጥ የቆየ ነው፤ አማካሪም ይመድባል። ለዘገባ ገንዘብ የሚሰጠው ፑሊትዘር ሴንተር አለ፤ ፑሊትዘር ከሚባለው የጋዜጠኝነት ሽልማት ጋር አታምታቺው፣ የተለያዩ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ኦክስፔከርስ የአካባቢ ምርመራ ብቻ የሚሠራ ማዕከል ነው፤ ዋይልድአይ የሚባል የተያዙ ዕቃዎችንና የፍርድ ቤት ጉዳዮችን ካርታ ሠርቷል። ምንም ባታመለክቺ እንኳ ካርታውን እዪው፣ መዝገብ እንዴት ወደ ዘገባ እንደሚቀየር ታያለሽ። የግሎባል ኢንቨስቲጌቲቭ ጆርናሊዝም ኔትወርክ ድረ ገጽ ላይም ስለ ዱር እንስሳት ንግድ ምርመራ መመሪያ አለ፤ በነጻ።

ግን ጊዜው ጠቧል። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተዘጋ ወዲህ የሚዲያ ድጋፍ ሰጪዎች ብዙ ገንዘብ አጥተዋል። ኢንተርኒውስ ራሱ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነው። ጥሪ ሲወጣ አመልካቹ ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ በር ላይ ብቻ አትቁሚ።

ፒያሳ ቀረች | 3፡10

እሺ፣ ሐሳቤን ትንሽ ላለዝብ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና ኢንተርፖል ያወጡትን አየሁ፤ ሕገወጡ የዱር እንስሳት ንግድ በዓመት ከ7 እስከ 23 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል ይላሉ። ይህን የሚያህል ገንዘብ ያለ ጉቦ አይንቀሳቀስም። እንደ ጉቦ ታሪክ ካየሁት ያገባኛል። እንደ እንስሳ ታሪክ ብቻ ከመጣ ግን አሁንም ሽንኩርቴ ይሻለኛል።

ሸገር ካሜራ | 3፡14

@ፒያሳ ቀረች ለዘበ! ስክሪንሾት አድርጉልኝ።

የአራዳ ብዕር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

የመጀመሪያውን ርዕስ ጣልኩት። አዲሱ እንዲህ ነው፦

«መጋቢት 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጠለች። ይህ ምርመራ ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ በኩል ሲያልፍ የተያዘውን የዝሆን ጥርስ ከፍርድ ቤት መዝገብ ወደ መጋዘን ይከተላል። በክስ ላይ የተጻፈው ክብደት፣ በፍርድ ገቢ የተደረገውና ዛሬ በመጋዘኑ መዝገብ ያለው ይገጥማል ወይ? ከተሸካሚዎቹ በላይ ያሉት ሰዎች ስንት ጊዜ ተከሰሱ?»

አቦሸማኔውን ተውኩት። የካራማራ ልጅ የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ፣ ለዚያ ሥራ እኔ ገና ነኝ። ቋንቋውንም አልችልም። መዝገቡ ግን እዚሁ ከተማ ነው፤ ታክሲ ተሳፍሬ የምደርስበት።

ጋሼ አርትዖት | 1፡40

ይሄ ዘገባ ነው። «ስንት ጊዜ ተከሰሱ» የሚለውን ወደ ፊት አምጪው፤ ክብደቱ ይከተል። ሰው ከኪሎ ይቀድማል።

የካራማራ ልጅ | 1፡52

መተውሽን አከብራለሁ። አንድ ቀን ስትመጪ ግን ንገሪኝ። ከዚያ በፊት ሆለታ አካባቢ ቦርን ፍሪ የሚባል የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት የሚያስተዳድረው ማገገሚያ አለ፤ ከሕገወጥ ይዞታ የተያዙ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ያሉበት። ፈቃድ ጠይቀሽ ሂጂና እዪአቸው። መጋዘን ስለማይገባው ሕያው «ኤግዚቢት»ም ትጽፊያለሽ።

ልደታ ዋልኩ | 2፡00

የስም ማጥፋት ጉዳይ እንዳይረሳ። በሚዲያ አዋጁ ቁጥር 1238/2013 የወንጀል ተጠያቂነቱ ቀርቷል፤ የፍትሐ ብሔሩ ግን አለ። ፍርድ ያልተሰጠበትን ሰው «ነጋዴው» አትበዪው። «ተከሳሹ» በዪው። የተለቀቀም ካለ መለቀቁን ጻፊ።

የአራዳ ብዕር | 2፡12

አሁን የቀረኝ የኤዲተር ደብዳቤና አማርኛውን የሚያነብልኝ ሰው ነው። ጋሼ፣ ቢያነቡልኝስ? በጀቱ ላይ አስገብቼዎታለሁ።

ጋሼ አርትዖት | 2፡30

አነባለሁ። ክፍያ ግን ከአንቺ አልወስድም ልጄ፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

ሁለተኛው ክፍያ | 2፡34

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ይወስዳሉ። እርስዎ በነጻ ካነበቡ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ኤዲተርም በነጻ ያንብብ ይባላል። ደግሞ ያልተከፈለው ሰው ረቂቁን ለሁለት ወር ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጠው ማን ይወቅሰዋል?

ጋሼ አርትዖት | 2፡51

እኔ ረቂቅ አስቀምጬ አላውቅም! …እሺ፣ ገብቶኛል። አስገቢው። ግን የተርጓሚውን ያህል እንዳይበልጥ።

የአራዳ ብዕር | 2፡55

በዚህኛው ሥራ ተርጓሚ የለኝም እኮ ጋሼ።

ልደታ ዋልኩ | 3፡03

ይኖርሻል። በትራንዚት የተያዙት ሰዎች ቃል ብዙው በአስተርጓሚ የተሰጠ ነው፤ አባሪ ሰነዶቹም በሌላ ቋንቋ ናቸው። ቲኬት፣ የስልክ መልእክት፣ የዕቃ መላኪያ። ለቻይንኛና ለቬትናምኛ ሰነድ ትንሽ ብር መድቢ።

የአራዳ ብዕር | 3፡06

ኧረ እንዴት አላሰብኩትም! እያስገባሁ ነው። ደብዳቤው ማህተም ያስፈልገዋል ወይስ የኤዲተሩ ፊርማ ይበቃል?

ሁለተኛው ክፍያ | 3፡11

ለእነሱ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይበቃል። እዚህ ባንክ ስትሄጂ ግን ማህተም የሌለውን ወረቀት አያዩትም። ሁለት ቅጂ አሠሪ፣ አንዱን ባለ ማህተም።

ሸገር ካሜራ | 3፡15

ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነኝ፣ ፕሪንተርም አለኝ። ረቂቁን ይዘሽ ነይ። ፒያሳ ቀረች ሽንኩርት ይዞ ይምጣ።